ባይፓስ ሊሠራላቸው ነው፤ የጂን ሕክምናው ይደርስላቸዋል ወይ?

ጥያቄው ከሀዋሳ ነው። ጠያቂዋ ነርስ ናት። ትንሽ አሳጥሬ ላቅርበው፦

«አጎቴ 61 ዓመታቸው ነው። ስኳርና ግፊት አለባቸው። ሲጋራም ያጨሳሉ። የልባቸው ሦስት ደም ሥሮች ጠበዋል ተብለው በሚቀጥለው ወር ሕንድ አገር ሄደው ባይፓስ (የጠበበውን አልፎ ደም የሚሄድበት ሌላ ደም ሥር በቀዶ ሕክምና መግጠም) ሊሠራላቸው ነው። ከእግራቸው ደም ሥር ይወሰዳል ተብለናል። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። የደም ሥርን የውስጥ ሴሎች ከኦክሲዴቲቭ ስትረስ (ጎጂ የኦክሲጅን ውህዶች ሲበዙ ከሚያደርሱት ጉዳት) የሚከላከል ጂን ሲገባላቸው ሴሎቹ ከሞት ተረፉ ይላል። ይኼ ነገር ለሰው ይሰጣል ወይ? ካልተሰጠስ እስከዚያው አንቲኦክሲዳንት (እነዚህን ጎጂ ውህዶች የሚያከሽፍ ነገር) ቢወስዱ አይሻልም? ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ቫይታሚን ኢ ገዝተን አስቀምጠናል። ገና አልጀመሩም።»

ሲስተር፣ መልሱን ከፊት ላድርገው። ጂኑ ለአጎትሽ አይደርስም። እንዲህ ያለ ሕክምና ለልብ ደም ሥር ተፈቅዶ የሚሰጥበት አገር የለም። ሕንድም የለም፣ አሜሪካም የለም። ቫይታሚን ኢው ደግሞ እንደታሸገ ይቀመጥ። ነገር ግን የአክስትሽ ልጅ የላከው ጽሑፍ ውሸት አይደለም። ሐሳቡ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለምን እስካሁን ከላብራቶሪ እንዳልወጣ ካወቅሽ ግን ለአጎትሽ ምን እንደሚጠቅም ራስሽ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የደም ሥር የውስጥ ገጽ በአንድ ረድፍ ሴል የተለበጠ ነው። ኢንዶቴሊየም ይባላል። ድሮ ዝም ብሎ ሽፋን ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት ከዛዋድዝኪ ጋር ሆኖ የጥንቸል ደም ቅዳ ቁራጭ ላይ ሠራ። ያቺ ረድፍ ተፍቃ ከተነሳች ደም ሥሩ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ቢሰጠውም አይላላም። ረድፏ ካለች ይላላል። ሴሎቹ የሚለቁት ደም ሥሩን የሚያላላ ኬሚካል በኋላ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሆኖ ተገኘ። ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ ደም ሥሩን ከማላላቱ ሌላ ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉት ትናንሽ ሴሎች) ግድግዳው ላይ እንዳይለጠፉ ያደርጋል። አጎትሽ አዲስ ደም ሥር ሲገጠምላቸው የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

የናይትሪክ ኦክሳይድ ጠላት ሱፐርኦክሳይድ ይባላል። አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን የያዘ ኦክሲጅን ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድን ሲያገኝ ጊዜ አይሰጠውም። ሁለቱ ተገናኝተው ፐሮክሲናይትራይት የሚባል ሌላ ጎጂ ነገር ይሠራሉ። ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ የሚያላላው ጠፋ፣ የሚጎዳው ተወለደ። ሱፐርኦክሳይድ ከየት ይመጣል? ከሲጋራ ጭስ። ከፍ ብሎ ከቆየ ስኳር። ግፊት ከሚጨምረው አንጂዮቴንሲን 2 ከሚባል ሆርሞን፤ ይህ ሆርሞን የደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሱፐርኦክሳይድ አምራች ኤንዛይም ይቀሰቅሰዋል። አጎትሽ ጋ ሦስቱም አሉ።

ሰውነት ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ማኮርድና ፍሪዶቪች በ1969 ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝን አገኙ። ስሙ ስለሚረዝም ኤስኦዲ እንበለው። ይህ ኤንዛይም ሱፐርኦክሳይድን ወደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይቀይረዋል። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን እንኳ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ቁስል ላይ ስታፈሺው ነጭ አረፋ ይነሳል አይደል? አረፋውን የሚያነሳው ካታሌዝ የሚባል ኤንዛይም ነው። ከደሙና ከተጎዳው ሥጋ ይወጣና ፐሮክሳይዱን ወደ ውኃና ኦክሲጅን ይሰብረዋል። የምታዪው ኦክሲጅኑ ሲወጣ ነው። እንግዲህ መከላከያው ባለ ሁለት ደረጃ ነው። ኤስኦዲ ይጀምራል፣ ካታሌዝና ጓደኞቹ ይጨርሳሉ።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። የዚህ ዓይነት ሙከራ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከማዋለጃ ክፍል ነው። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ከሚጣለው እትብት ውስጥ ደም መልሱ በኤንዛይም ይታጠባል፣ የውስጥ ሴሎቹ ይለቃሉ፣ ሳህን ላይ ይዘራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጠፍጣፋ ናቸው። ጎን ለጎን ተጠጋግተው ሳህኑን ይሞሉታል። ፐሮክሳይድ ሲጨመርባቸው መጀመሪያ ይኮማተራሉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ይታያል፣ ከዚያ ክብ ሆነው ከሳህኑ ይለቁና ፈሳሹ ላይ ይንሳፈፋሉ። አስቀድሞ የካታሌዝ ወይም የሄም ኦክሲጅኔዝ (ሌላ ተከላካይ ኤንዛይም ነው) ጂን በገባለት ሳህን ላይ ግን ብዙዎቹ እንደተለጠፉ ይቆያሉ። «ተረፉ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። በ1995 የሰው ሄም ኦክሲጅኔዝ 1 ጂን የጥንቸል ልብ ትናንሽ ደም ሥሮች ሴሎች ውስጥ ገብቶ፣ ከፈረሰ ቀይ የደም ሴል የሚወጣው ሄም ከሚያደርሰው ጉዳት ጠብቋቸዋል። ይኸው ጂን በሰው ላይ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ደግሞ ከጃፓን በ1999 የወጣ ሪፖርት አሳይቷል። ጂኑ የማይሠራለት የ6 ዓመት ልጅ ነበር። የደም ሥሮቹ የውስጥ ሴሎች ክፉኛ ተጎድተው ነበር። ጂኑ አስፈላጊ ነው ወይ ለሚል ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እሺ፣ ታዲያ ምን ቸገረ?

አንደኛው ችግር ሰው ቶሎ የማያስበው ነው። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ እድፍ አይደለም፤ ኤንዛይም በጨመርን ቁጥር አይጠራም። ኤስኦዲን ብቻውን ብታበዢው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ታመርቻለሽ። የሚጨርሰው ካታሌዝ አብሮ ካልጨመረ አንዱን ጎጂ በሌላ ጎጂ ቀየርሽ ማለት ነው። በ2004 የወጣ የአይጦች ጥናት ይህንን በደንብ ያሳያል። አይጦቹ አፖሊፖፕሮቲን ኢ የሌላቸው፣ ደም ሥራቸው በቅባት የሚደፈን ናቸው። ካታሌዝ የበዛላቸው አይጦች ላይ በሽታው ዘገየ። ካታሌዝና ኤስኦዲ አብረው ሲበዙም ዘገየ። መዳብና ዚንክ የያዘው የኤስኦዲ ዓይነት ብቻውን ሲበዛ ግን ይህ ጥቅም አልታየም። በዚያ ላይ ትንሽ ፐሮክሳይድ ለሴል መልእክት ማስተላለፊያ ነው። ጭራሽ ጠርጎ ማጥፋትም አይፈለግም።

ሁለተኛው ነገር ቦታ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ከኤስኦዲ ዓይነቶች አንዱ፣ ኤስኦዲ 3 የሚባለው፣ ከሴል ውጭ ነው የሚሠራው። ደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ጂን ላይ አንዲት ትንሽ ለውጥ ይዘው ይወለዳሉ። ኤንዛይሙ ይሠራል፤ ነገር ግን ግድግዳውን በደንብ መያዝ ስለማይችል ተላቅቆ ደም ውስጥ ይንሳፈፋል። እነዚህ ሰዎች ደማቸው ቢለካ ኤስኦዲ 3 ከሌላው ሰው በ10 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ላብራቶሪ ውጤቱን ያየ ሰው «እነዚህስ ታድለዋል» ይላል። በ2004 ከኮፐንሃገን የወጣው ጥናት ግን እነዚህ ሰዎች ለልብ ደም ሥር በሽታ ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው እንዳገኛቸው ጻፈ። በዓመቱ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሁለቱንም ዓይነት ጂን ግፊት ላለባቸው አይጦች በቫይረስ አስገቡ። ደህነኛው ኤስኦዲ 3 ግፊታቸውን አወረደ። ተላቃቂው ምንም አላደረገም። አንቲኦክሲዳንት ደም ውስጥ መብዛቱ ብቻውን ምንም አይደለም። የሚሠራው ግድግዳው ላይ ሲገኝ ነው። የፋርማሲውን ክኒን ጉዳይ ስናነሳ ይህንን አትርሺ።

ሦስተኛው ማድረሻው ነው። ጂን ራሱ ሴል ውስጥ አይገባም፤ ጫኝ ይፈልጋል። ሲበዛ ጫኙ ቫይረስ ነው፣ መራቢያው ተቆርጦ የተገራ። ብዙዎቹ የመጀመሪያ የደም ሥር ሙከራዎች የተሠሩት በአዴኖቫይረስ ነው፤ ጉንፋን ከሚያሲዙት አንዱ ነው። ብዙ ጂን ይጭናል፣ የደም ሥር ሴሎችም ይቀበሉታል። ነገር ግን ሰውነት ያውቀዋል፣ ይቆጣዋል፣ የገባው ጂንም በሳምንታት ውስጥ ይከስማል። ቁጣው ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል በመስከረም 1999 ዓለም አየ። ጄሲ ጌልሲንገር የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ለሌላ በሽታ፣ ለጉበት ኤንዛይም ጉድለት፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አዴኖቫይረስ ተሰጥቶት በአራተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ በኋላ መስኩ በሙሉ ለዓመታት ቀዝቅዞ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው አዴኖ አሶሺዬትድ ቫይረስ ነው። ጭምት ነው፣ ቁጣው ያነሰ ነው። የሚሸከመው ግን ወደ 4,700 የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ነው። ይህ ለእኛ ችግር አልነበረም። የካታሌዝ ጂን መልእክት 1,600 ፊደል ገደማ ነው፣ ኤስኦዲ 3 ከ800 በታች ነው። ሁለቱም ባንድ ጭነት ይገባሉ። ችግሩ ሌላ ነው። በክንድ ደም መልስ ብትሰጪው አብዛኛው ጉበት ይገባል። የደም ሥር የውስጥ ሴሎች ለዚህ ቫይረስ በቀላሉ በር አይከፍቱም። ብዙ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ቀድሞ ተይዞበት ፀረ እንግዳ አካል ይዟል። ለጉበትና ለዓይን የጂን ሕክምና ሲሳካ ለደም ሥር የዘገየው በከፊል በዚህ ነው። ዓይን ትንሽና የተዘጋ ቦታ ነው። የልብ ደም ሥር ውስጥ ግን ደም ያለማቋረጥ ይሮጣል፤ የጨመርሽው ነገር ግድግዳውን ሳይነካ ያልፋል።

አንድ ቦታ ግን አለ፣ ይህ ሁሉ ችግር የሚቀልበት። እሱም የአጎትሽ ጉዳይ ነው።

ባይፓስ ሲሠራ ከእግር የተወሰደው ደም መልስ ወዲያው ልብ ላይ አይሰፋም። ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ይወጣል፣ ቅርንጫፎቹ ይቋጠራሉ፣ በሲሪንጅ ፈሳሽ ተሞልቶ የሚያፈስ ቦታ እንዳለው ይታያል። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ ደረቱን እስኪያዘጋጅ ሳህን ውስጥ ፈሳሽ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። በዚያች ጊዜ ከሰውነት ውጭ ነው። የሚሮጥ ደም የለም፣ ጉበት የለም፣ ፀረ እንግዳ አካል የለም። ጂን ማስገባት ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። መከላከያም የሚያስፈልገው ያኔ ነው። በሲሪንጅ ሲወጠር የውስጥ ረድፉ ይጎዳል። ደም ተቋርጦበት ቆይቶ በድንገት ሲመለስለት ሱፐርኦክሳይድ ይፈላል። ከዚያም ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራው ደም መልስ የደም ቅዳ ግፊት ይጫንበታል። ከእግር የሚወሰዱ ደም ሥሮች በ10 ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚዘጉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ አልተሞከረም? ለኦክሲዴቲቭ ስትረስ በእንስሳት እንጂ በትልቅ የሰው ሙከራ አልሄደም። በዚሁ መንገድ የሄደ ዘመድ ግን አለ። ፕሪቬንት 4 ይባላል፣ ውጤቱ የወጣው በ2005 ነው። ሙሉ ጂን አልነበረም፤ ሴል እንዲራባ የሚያደርገውን ፕሮቲን የሚያታልል አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ነበር። ደም ሥሩ ሳህን ላይ እያለ በግፊት ይገባለታል። 3,014 ሰዎች ተካፈሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደም ሥሮቹ ሲታዩ፣ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 45 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ የተበላሸ ደም ሥር ነበራቸው። ባዶ ፈሳሽ የተሰጣቸውስ? 46 በመቶ። ያን ሁሉ ተደክሞ ውጤቱ አንድ ሆነ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2014 ያንኑ መረጃ መልሰው አዩት፤ አሁን የጠየቁት ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ደም ሥሩ ስለተኛበት ፈሳሽ ነው። አንዳንዱ ሆስፒታል ተራ ሴላይን (የጨው ውኃ) ይጠቀማል፣ አንዳንዱ የታካሚውን ደም፣ አንዳንዱ የአሲድ መጠኑ የተስተካከለ ሴላይን። በተስተካከለው ፈሳሽ የቆዩት ደም ሥሮች ያነሰ ተበላሹ። ተራ ሴላይን አሲድነቱ ይበዛል፤ ያቺን የውስጥ ረድፍ አይመቻትም። ስንት ገንዘብ የወጣበት ሞለኪውል ያላደረገውን የሳህኑ ፈሳሽ ሳያደርገው አልቀረም። ጥናቱ የተመለከተ እንጂ በዕጣ የተመደበ ስላልሆነ ነገሩ ተዘጋ አልልም። ቀዶ ሐኪሙን መጠየቅ ግን ምንም አያስወጣም።

ወደ ቫይታሚን ኢው ልመለስ። የሚገርመው ጥያቄሽ በትልልቅ ጥናቶች ተመልሷል፣ ያውም አንቲኦክሲዳንቱን ከሌላ መድኃኒት ጋር ጎን ለጎን በማስቀመጥ። በ2000 የወጣው ሆፕ ጥናት ለልብ በሽታ የተጋለጡ ከ9,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር። ቫይታሚን ኢ፣ በቀን 400 ዩኒት፣ ሃርት አታክንም፣ በልብና በደም ሥር በሽታ መሞትንም፣ ስትሮክንም አልቀነሰም። በዚያው ጥናት ራሚፕሪል የሚባለው የግፊት መድኃኒት እነዚህን በድምር በ22 በመቶ ቀነሰ። በ2002 ከ20,000 በላይ ሰዎች በተካፈሉበት የእንግሊዝ ጥናትም ቫይታሚን ኢ፣ ሲና ቤታ ካሮቲን አብረው ተሰጥተው ምንም ለውጥ አልመጣም። እዚያው ጥናት ውስጥ ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሲምቫስታቲን የልብና የደም ሥር አደጋዎችን ሩብ ያህል ቀነሰ።

ለምን? ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል መወልወል ስለሆነ ነው። ክኒኑ ደም ውስጥ ይንሳፈፋል። ሱፐርኦክሳይዱ ግን የሚሠራው ግድግዳው ውስጥ ነው፣ ያለማቋረጥ። ራሚፕሪል አንጂዮቴንሲን 2ን ሲቀንስ አምራቹ ኤንዛይም ረገብ ይላል። ስታቲንም ኮሌስትሮል ከማውረዱ ጎን ለጎን የናይትሪክ ኦክሳይድ ምርትን ያግዛል። በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ኢናላፕሪል የራሚፕሪል ዘመድ ነው። አጎትሽ ከእነዚህ አንዱን ይዘው ከሆነ፣ ስሙ አያማልልም እንጂ፣ የምትፈልጊውን ከኦክሲዴሽን መከላከያ እየወሰዱ ነው። ቫይታሚን ኢ በብዛት ሲወሰድ ደግሞ የደም መርጋትን ሊያዘገይ ይችላል። ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ሰው ይህንን አይፈልግም።

ሌላም አለ፣ ስለ ጂን እየተነጋገርን ስለሆነ። አጎትሽ የኤስኦዲም የሄም ኦክሲጅኔዝም ጂን አላቸው። የማንም ሰው ሴል አለው። ጥያቄው በርቷል ወይ ነው። ደም ደም ሥሩን እያሸ በደንብ ሲፈስ እነዚህ ጂኖች ይበራሉ። በ2003 ከጀርመን የወጣ ጥናት ባይፓስ የሚጠብቁ ሰዎችን ለአራት ሳምንት የአካል እንቅስቃሴ አሠራቸው። ከዚያ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከደረታቸው ደም ቅዳ ቁራጭ ወስዶ አየ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው ኤንዛይም እንቅስቃሴ ካልሠሩት ሰዎች በግልጽ ይበልጥ ነበር። ቫይረስ የለ፣ መርፌ የለ። ስለዚህ የልብ ሐኪማቸው ከፈቀደና ሲሄዱ ደረታቸውን የማያማቸው ከሆነ ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ቀስ ብለው ይራመዱ። ፈቃዱ ግን ይቅደም፤ ሦስት ደም ሥር የጠበበበት ሰው በራሱ ሥልጣን ስፖርት አይጀምርም።

ሲጋራው ዛሬ ይቁም። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ» የሚባል ነገር የለም። ሺሻም ያው ነው፣ ጫትም ካለ እንዲሁ። ስኳራቸውን እየለካችሁ ጻፉ።

ለቀዶ ሐኪሙ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛ፣ ከፊት ለፊት ላለው ዋና የልብ ደም ሥር የግራ ደረት ደም ቅዳ ነው ወይ የሚገጠመው? ይህኛው በ10 ዓመትም ከ90 በመቶ በላይ ክፍት ሆኖ ይገኛል፣ ከእግሩ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛ፣ የእግሩ ደም ሥር እስኪሰፋ ምን ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል? በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ሐኪም ያለ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አስፕሪንና ስታቲን መቼ እንደሚጀመሩ አስጽፉ። አሁን የሚወስዱትን ደግሞ ማንም በራሱ እንዳያቆምባቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ውጭ አገር ስትሄዱ «የደም ሥር ጂን መርፌ» ወይም «ስቴም ሴል» ብሎ ከባይፓሱ ሌላ ክፍያ የሚጠይቅ ክሊኒክ ሊገጥማችሁ ይችላል። የተፈቀደ የለም ብያለሁ፤ ገንዘቡን ለስታቲኑና ለክትትሉ አስቀምጡት።

ቫይታሚኑን ፋርማሲው ከመለሰላችሁ መልሱት። ካልመለሰ ከሻንጣው አውጡት። እዚያ ደርሰው የሚወስዱትን ሲጠየቁ አጎትሽ በቃላቸው ከሚናገሩ አንቺ በእጅሽ ጽፈሽ ስጪያቸው፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ መጨረሻ የወሰዱበትን ሰዓት። የባህል መድኃኒትም ካለ ይጻፍ። «ምንም አልወስድም» የሚል ታካሚ ነው ማደንዘዣ ሐኪሙን የሚያስቸግረው።